መኪናው ርካሽ፣ ኢንሹራንሱ ውድ፦ ለወጣት ሹፌር የመጀመሪያ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ልጄ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። እኔም ደስታው አስክሮኝ አንድ ወዳጄ ያገኘልኝን ባለ ሁለት በር መኪና በጥሬ ገንዘብ ገዛሁላት። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ማይሉ ትንሽ። ዋጋው ደግሞ "ከየት አገኘኸው?" የሚያሰኝ። ኢንሹራንስ ጋ የደወልኩት መኪናው በራችን ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ወኪሏ ቁጥሩን ስትነግረኝ "የዓመት ነው አይደል?" አልኳት። የስድስት ወር ነበር።

ቀይ ስለሆነ አይደለም። ኢንሹራንስ ቀለም አይጠይቅም፤ ያ የሰፈር ወሬ ነው። ሁለት በርና ፈጣን ሞተር፣ መሪው ላይ ደግሞ የ17 ዓመት ልጅ ናቸው ዋጋውን የሰቀሉት። ከአራት ወር በኋላ ከስሬ ሸጥኩት።

ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ልጅ፣ የጎረቤቴ ልጆች፣ ቤተክርስቲያን የማውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ መኪና ሲያማርጡ አብሬያቸው ዞሬአለሁ። የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላለን ሰዎች ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የየስቴታችሁን ሕግ እያያችሁ አካሄዱን ውሰዱት።

የኛ ትልቁ ስህተት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መኪና እናገኛለን፣ እንወደዋለን፣ እንከፍላለን፣ ከዚያ ስለ ኢንሹራንስ እንጠይቃለን። ገልብጡት። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይጣራ፤ መውደዱ ይደርሳል።

1. ፐርሚቱ እንደወጣ ሥራውን ጀምሩ

ሜሪላንድ ላይ ልጅ ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) የሚያወጣው ከ15 ዓመት ከ9 ወር ጀምሮ ነው። ቨርጂኒያ ላይ 15 ዓመት ተኩል ይበቃል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ሁለቱም ጋ ፐርሚቱን ቢያንስ ዘጠኝ ወር መያዝ አለበት። ሜሪላንድ 60 ሰዓት የልምምድ መንዳት ትጠይቃለች፣ 10 ሰዓቱ በማታ። ቨርጂኒያ 45 ሰዓት ትላለች፣ 15ቱ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ። እንግዲህ ዘጠኝ ወር ማለት ልጅ ተረግዞ የሚወለድበት ጊዜ ነው። መኪና ለመፈለግ ከበቂ በላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ተሯሩጦ መግዛት አያስፈልግም።

ፐርሚት ማውጣቱን ለኢንሹራንሳችሁ አሁኑኑ ንገሩ። ብዙ ኩባንያዎች በፐርሚት ጊዜ ብዙም አይጨምሩም፤ የሚጨምረው ሙሉው ፈቃድ ሲመጣ ነው። ግን መደበቅ አይቻልም። ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የኛ ቤት ልዩ ችግር አለው። ከአገር ቤት መጥቶ "እስኪቋቋም" እኛ ጋ ያረፈው የአጎት ልጅም የቤቱ ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ፈቃድ ካወጣ ንገሯቸው። ካልነገራችሁና እሱ መኪናችሁን ነድቶ ቢጋጭ ክሌይሙን (የካሳ ጥያቄያችሁን) ሊከለክሏችሁ ይችላሉ።

2. መኪናው በማን ስም ይሁን?

ወጣት ሹፌር ውድ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች፣ በነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድላቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ልጁ ራሱ ነው። እሱን መለወጥ አትችሉም። የምትለውጡት መኪናውንና ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ መንገድ ልጁን በወላጅ ፖሊሲ ውስጥ ማስገባት ነው። ለብቻው ፖሊሲ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ዋጋው ያስደነግጣል። መኪናው በልጁ ስም ብቻ ታይትል ከወጣ ደግሞ (ታይትል ማለት እንደ አገር ቤቱ ሊብሬ ነው) ብዙ ኩባንያዎች "የራሱን ፖሊሲ ያውጣ" ይላሉ። ስለዚህ "በስሜ ይሁን" ብሎ ቢለምናችሁም ታይትሉ ላይ የእናንተ ስም ይኑር።

አንድ ነገር ጠይቁ፤ ልጁን የቱ መኪና ላይ ነው የምትመድቡት? አንዳንድ ኩባንያ በቤቱ ውስጥ ያለውን ውድ ሹፌር ውዱ መኪና ላይ ይጥለዋል። አንዳንዱ ደግሞ አሮጌው መኪና ላይ እንዲመደብ ይፈቅዳል። በዚህ ብቻ ሁለት ኩባንያዎች መሃል ትልቅ ልዩነት ይፈጠራል።

ወላጆቻቸው እዚህ የሌሉ፣ በዲቪ ወይም በትምህርት የመጡ ወጣቶች በዚህ በኩል ይቸገራሉ። አዲስ አበባ አራት ዓመት የነዳ የ23 ዓመት ልጅ እዚህ እንደ ጀማሪ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች የሚቆጥሩት የአሜሪካ ፈቃድ ያወጣበትን ቀን ነውና። የውጭ ልምድ የሚቆጥር ኩባንያ ሊገኝ ስለሚችል የድሮ መንጃ ፈቃዳችሁን አትጣሉት፤ ሁሉንም ጠይቁ። ክሬዲትም (የብድር አከፋፈል ታሪክ) ይገባበታል። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ ክሬዲት ለመኪና ኢንሹራንስ እንዳይታይ ከልክለዋል፤ እኛ ጋ ግን ይታያል። ክሬዲት የሌለው ልጅ መኪናውን ትንሽ አዘግይቶ በአንድ ክሬዲት ካርድ ታሪክ ቢጀምር አይጎዳም። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ኩባንያ የከለከለው ወይም አንዱ የሰረዘበት ሰው "ሜሪላንድ አውቶ" የሚባለው በስቴቱ የተቋቋመ ድርጅት ጋ መሄድ ይችላል። ርካሽ ነው ብላችሁ አትሂዱ፤ በር የሚከፍት ስለሆነ ነው።

ዋጋ እንዲቀንስ ብሎ አድራሻ መዋሸትስ? "ዉድብሪጅ ያለችው አክስቴ ጋ ነው የማድረው" ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ማደር ማጭበርበር ነው። በአደጋ ጊዜ ይወጣል። ተዉት።

3. የምትፈልጉትን ሽፋን ከመኪናው በፊት ወስኑ

አገር ቤት "ሦስተኛ ወገን" የምንለው እዚህ ላያቢሊቲ ነው፤ ልጃችሁ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይከፍላል። ኮሊዥን የራሳችሁን መኪና ከግጭት በኋላ ያሠራል። ኮምፕሪሄንሲቭ ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶ፣ አጋዘን ዘሎ ሲገባባችሁ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው "ፉል ከቨሬጅ" ይለዋል።

ሕጉ የሚጠይቀው ትንሹ ላያቢሊቲ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ 30/60/15። ዲሲ 25/50/10። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ 50/100/25። ቁጥሮቹ በሺህ ዶላር ናቸው፤ ለአንድ የተጎዳ ሰው፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ፣ ለንብረት። ቨርጂኒያ ውስጥ ድሮ 500 ዶላር ለዲኤምቪ (ለስቴቱ የመኪና ቢሮ) ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ዛሬም "ይቻላል" የሚል ሰው አለ፤ አትስሙት።

አሁን የሜሪላንዱን 15 ሺህ አስቡት። ልጃችሁ ቀይ መብራት ላይ የቆመ የ50 ሺህ ዶላር መኪና ቢደረምስ ቀሪውን ማን ይከፍላል? ቤት ካላችሁ፣ ቁጠባ ካላችሁ፣ እናንተ ናችሁ። እኔ 100/300/100 ነው የምይዘው። ከትንሹ ወደዚህ ለመውጣት የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ሰው ከሚፈራው ያንሳል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ቢገጫችሁ የሚከፍለውን ሽፋንም በዚያው ልክ አድርጉት። ገንዘብ መቆጠብ ያለባችሁ ሌላ ቦታ ነው።

ሌላው ቦታ ኮሊዥን ነው። ለወጣት ሹፌር በጣም ከሚከብዱት ክፍሎች አንዱ እሱ ነው። መኪናው በብድር ከተገዛ ግን አበዳሪው ግዴታ ያደርገዋል፤ ማውጣት አትችሉም። በጥሬ ገንዘብ ከገዛችሁ ምርጫው የእናንተ ነው። የእቁብ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በእቁብ ብር የተገዛ የ5 ሺህ ዶላር መኪና በባንክ ብድር ከተገዛው የ18 ሺህ መኪና የሚለየው በወር ክፍያው ብቻ አይደለም፤ በኢንሹራንሱም ነው።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። የኮሊዥንና የኮምፕሪሄንሲቭ የዓመት ዋጋ ተደምሮ የመኪናውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ካለፈ፣ ማስወጣቱን አስቡበት። መኪናው 4 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል። ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት) 1 ሺህ ነው። መኪናው ቢወድም የሚደርሳችሁ 3 ሺህ ነው። ለሱ በዓመት 900 ዶላር መክፈል ያዋጣል? እኔ አልከፍልም። ግን ያ መኪና ጠፍቶ ሌላ መግዛት የማትችሉ ከሆነ ሂሳቡ ይለያል፤ ያን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

4. የመኪና ዝርዝር አውጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

አይ አይ ኤች ኤስ የሚባል በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሠራ የደኅንነት ተቋም አለ። መኪና ከግድግዳ ጋር እያጋጨ የሚፈትነው እሱ ነው። ከኮንሲዩመር ሪፖርትስ ጋር ሆኖ ለወጣት ሹፌሮች የሚመክራቸውን ያገለገሉ መኪኖች ዝርዝር በነፃ ያወጣል፣ ከግምት ዋጋቸው ጋር። እህት ድርጅቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሞዴል ኢንሹራንሶች ምን ያህል እንደከፈሉ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። መካከለኛው 100 ነው። ከ100 በታች ያለ መኪና ኢንሹራንሱን ብዙ አላስከፈለም፣ በላይ ያለው አስከፍሏል። ሰንጠረዡ የቅርብ ዓመታት ሞዴሎች ላይ ያተኩራል፤ ለአሮጌው መኪና ግን አቅጣጫ ያሳያል። ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ከአሥር ጓደኛ ምክር ይበልጣል።

አራት ነገር ተመልከቱ።

ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ይሁን። ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል፣ ማለትም መኪናው ሲንሸራተት ራሱ ፍሬን እየነካካ የሚያስተካክለው ሲስተም፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። መኪና ከሌላ መኪና ጋር ሳይጋጭ ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚገድልበትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ልጅ ደግሞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ዝናብ ላይ፣ መታጠፊያ ላይ።

በጣም ትንሽ አይሁን። ተቋሙ ከ2,750 ፓውንድ በታች የሚመዝን መኪና ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባም፤ 1,250 ኪሎ ገደማ ነው። ሰው "ትንሽ መኪና ትንሽ ኢንሹራንስ" ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ትንሽ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይበልጥ ይጎዳል፣ የሕክምናውም ወጪ ዋጋው ውስጥ ይገባል። ኮሮላ እንኳን፣ ቶዮታ ሃይማኖታችን የሆነው ሁሉ ይቅር ይበለኝና፣ ሲገዛ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ኢንሹራንሱም ርካሽ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ወጣት የሚነዳው መኪና ነው።

ሞተሩ ደካማ ይሁን። ተመሳሳይ ሞዴል ውስጥ አራት ሲሊንደሩን ውሰዱ፣ ስድስቱን ተዉ። "ስፖርት"፣ "ቱርቦ" የሚል ጽሑፍ ከኋላው ካለ እለፉት። የቻርጀር ሄልካት የሚባለው የዶጅ መኪና ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ሞዴሎች ከአማካዩ መኪና ከ60 እጥፍ በላይ ይሰረቅ ነበር። ልጃችሁ ሄልካት ባይጠይቅም የሚጠይቀው የሱን ታናሽ ወንድም ነው።

ሌባ የሚወደው አይሁን። ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ የሂዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች፣ በተለይ ቁልፍ አስገብታችሁ የምታዞሯቸው፣ ሞተሩን የሚቆልፈው ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም። በ2015 ሞዴሎች የሁለቱ ድርጅቶች 26 ከመቶ ብቻ ነበር ያለው፤ የሌሎቹ 96 ከመቶ። ከ2021 ጀምሮ አሰራረቁ በቲክቶክ ሲሰራጭ በየከተማው ተዘረፉ። በ2023 ድርጅቶቹ በነፃ የሚጫን ሶፍትዌር አወጡ፤ አንዳንድ ኢንሹራንሶች ግን በአንዳንድ ከተማ እነዚህን መኪኖች አዲስ መቀበል አቁመው ነበር። ለዚህ ነው ገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የምታገኟቸው። በቁልፍ ፈንታ በተን ተጭናችሁ የምታስነሱትን ካገኛችሁ ታሪኩ ይለያል። የድሮ ፕሪየስ ደግሞ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ከሥሩ ያለው የጭስ ማጣሪያ) በሌባ ይቆረጣል። ታክሲና ኡበር ስንነዳ ብዙዎቻችን ቀምሰናታል፣ ጠዋት ሲነሳ እንደ ትራክተር ይጮኻል።

ታዲያ ምን ቀረ? የማያምሩት ቀሩ። ሱባሩ ፎሬስተርና አውትባክ፣ ሆንዳ ሲ አር ቪ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ፣ ቫኖቹ ሲየናና ኦዲሲ። እነዚህ በአብዛኛው ቤተሰብ ቀስ ብሎ የሚነዳቸው ስለሆኑ ቁጥራቸው ዝቅ ይላል።

ስለ ሲየና ላንሳና ላብቃ። ቤታችሁ አሮጌ ሲየና ካለ፣ ለልጁ የሚገዛውን መኪና እርሱት። ቫኑን ለልጁ ስጡ፣ የተሻለውን ለራሳችሁ ግዙ። የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ "ትምህርት ቤት አልሄድበትም" ብሎ ነበር። ሰባት ጓደኛ መጫን እንደሚችል ሲገባው ዝም አለ። (ሜሪላንድ ላይ ከ18 በታች የሆነ አዲስ ሹፌር በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት አዋቂ አጃቢ ሹፌር ሳይኖር ከቤተሰብ ውጭ ከ18 በታች የሆነ ሰው መጫን አይፈቀድለትም፤ እሱንም ነግሬዋለሁ፣ በዚያ ግን ደስ አላለውም።)

5. በቪን ቁጥር ዋጋ ጠይቁ

ዝርዝራችሁ ላይ ካሉት ሦስት አራት መኪና በሽያጭ ላይ ስታገኙ፣ ከማየት በፊት ቪን ነምበሩን ጠይቁ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ አገር ቤት ሻንሲ ቁጥር የምንለው። ሻጩ በስልክ ፎቶ ሊልክላችሁ ይችላል። "ለምን ፈለጋችሁት?" ብሎ ካስቸገረ መልሱን አግኝታችኋል።

ከዚያ ኢንሹራንስ ጋ ደውሉና ኮት አስወጡ (የሚለበሰው አይደለም፣ የዋጋ ግምት ማለት ነው)። ሞዴልና ዓመት ብቻ ነግራችሁ የምታገኙት ዋጋ ግምት ነው፤ በቪን ስትጠይቁ ሞተሩን፣ የደኅንነት ዕቃውን ለይቶ ያወጣዋል። ነፃ ነው፤ ለመግዛትም አያስገድድም።

ቢያንስ አራት ቦታ ጠይቁ። አሁን ያላችሁበት፣ ሁለት በቀጥታ የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ እና አንድ ከብዙ ኩባንያ ጋር የሚሠራ ገለልተኛ ወኪል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አማርኛ የሚናገሩ ወኪሎች አሉ፤ ለወላጆቻችን ጥሩ ነው። ነገር ግን "የኛ ሰው ነው" ብላችሁ በአንድ ዋጋ አትመለሱ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሽፋን፣ አንድ ዓይነት ዲዳክቲብል ንገሩ። አለበለዚያ ብርቱካንን ከሎሚ ጋር ነው የምታወዳድሩት። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በጭንቅላት አይያዝም።

6. የሦስት ዓመት ሂሳብ ሥሩ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው። አንዱ መኪና 7 ሺህ ዶላር ነው፤ ለልጁ የሚጨመረው ኢንሹራንስ በዓመት 2,600። ሌላው 9 ሺህ ነው፤ ኢንሹራንሱ 1,600። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው 14,800 ወሰደባችሁ፣ ሁለተኛው 13,800። "ውዱ" በአንድ ሺህ ዶላር ረከሰ። ስትሸጡትም የተሻለ ያወጣል።

ታክሱን ጨምሩበት። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 ከመቶ ትወስዳለች። ቨርጂኒያ 4.15 ከመቶ ብቻ ነው፤ ግን በየዓመቱ ካውንቲው በመኪናው ዋጋ ልክ የንብረት ታክስ ይልክባችኋል። ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የተዛወረ ሰው የመጀመሪያው ቢል ሲመጣ የሚያሳየውን ፊት አይቻለሁ።

7. ታሪኩንና ሆዱን እዩ

ያው ቪን እዚህም ይሠራል። ኤን አይ ሲ ቢ የሚባለው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ መኪናው የተሰረቀ ወይም በኢንሹራንስ "ሳልቬጅ" (ማሠራቱ አያዋጣም) የተባለ መሆኑን በነፃ ታያላችሁ። ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ (የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ላይ ያልተሠራ ሪኮል (የፋብሪካ የጥገና ጥሪ) ካለ ይነግራችኋል፤ የታካታ ኤርባግን እዚያ ፈልጉ። 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ ነው አሜሪካ ውስጥ የተጠራው፣ ሰው ገድሏል፣ ዲለር በነፃ ይቀይረዋል። ካርፋክስ የሚባለው የመኪና ታሪክ ሪፖርት ይከፈልበታል፤ ብዙ ዲለር ግን በነፃ ያሳያል።

ሳልቬጅና ሪቢልት (ተሰባብሮ እንደገና የተሠራ) ታይትል ላይ ልቆጣ ነው። ከጨረታ አንስቶ አሠርቶ የሚሸጥ ወዳጅ ያለው ሰው ብዙ ነው። ዋጋው ያማልላል። ብዙ ኩባንያዎች ግን ለእንደዚህ ያለ መኪና ላያቢሊቲ ብቻ ይሸጣሉ፤ ኮሊዥን የሚሰጠውም ሲወድም የሚከፍለው ትንሽ ነው። የተሰባበረ መኪና ለጀማሪ ሹፌር መስጠት ደግሞ… ኤርባጉ በትክክል መመለሱን በምን ታውቃላችሁ? የጎርፍ መኪና ከሆነ ምንጣፉን አንስታችሁ አሽትቱ።

ከዚያ የማይዛመዳችሁ መካኒክ ጋ ውሰዱት። ሻጩ የሚያውቀው መካኒክ አይሁን። ሜሪላንድ ላይ ያገለገለ መኪና በስማችሁ ለማዞር የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ 90 ቀን ያገለግላል። እሱ ፍሬንና ጎማ ያያል እንጂ ትራንስሚሽኑ ነገ ይቆማል አይልም።

8. ቅናሾቹን ለምኑ

ወኪል ሁልጊዜ ራሱ አይነግራችሁም። የውጤት ቅናሽ አለ፤ አብዛኛው ቢ አማካይ ወይም 3.0 ጂ ፒ ኤ ይጠይቃል። ልጆቻችን ላይ ትምህርት ስንወተውት ኖረን ይህችን ሳናስቆርጥ መቅረት ያሳፍራል። ሪፖርት ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። የመንዳት ትምህርት የጨረሰበት ወረቀት፣ የስድስት ወሩን አንዴ መክፈል፣ የቤት ወይም የኪራይ ቤት ኢንሹራንስ አብሮ መግዛት፤ ሁሉም ይቀንሳል።

አነዳዱን የሚከታተል አፕም አለ። ፕሮግሬሲቭ ስናፕሾት ይለዋል፣ ኦልስቴት ድራይቭዋይዝ። ድንገት ፍሬን መያዝን፣ ፍጥነትን፣ ሌሊት መንዳትን ያያል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ልጅ ጥሩ ነው። ማታ ከሥራ ለሚወጣ ልጅ ግን ሊከብድበት ስለሚችል፣ መጥፎ ውጤት ዋጋ ይጨምር እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአንዳንዱ ይጨምራል።

9. የግዢው ቀን

ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን አስጀምሩ፤ በስልክ አሥር ደቂቃ ነው። ማረጋገጫው በኢሜይል ይምጣላችሁ። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይመሳሰል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ላይ ታርጋው የሻጩ ነው፣ ፈቶ ይወስደዋል። "እስከ ሰኞ በሱ ንዳው" ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

10. ከዚያ በኋላ

ልጁ ዶርዳሽ ወይም ኡበር ኢትስ ልሥራ ካለ ቀድማችሁ ለኢንሹራንሱ ደውሉ። የግል ፖሊሲ ምግብ ስታደርሱ የሚደርስን አደጋ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሁለት ሦስት ወር የምትሄዱ፣ "መኪናው ቆሟል" ብላችሁ ኢንሹራንሱን አታቋርጡ። ሜሪላንድ ላይ ኩባንያው ማቋረጣችሁን ለኤምቪኤ (ለስቴቱ የመኪና ቢሮ) ያሳውቃል፤ ታርጋውን ሳትመልሱ ካቋረጣችሁ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጥራል። ክፍተቱም መዝገብ ላይ ይቆያልና ስትመለሱ አዲስ ዋጋ ይጠብቃችኋል። ሽፋኑን ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

በየስድስት ወሩ ፖሊሲው ሲታደስ እንደገና ሌላ ቦታ ዋጋ ጠይቁ። ልጁ ልደቱን ሲያከብር፣ አንድ ዓመት ያለ አደጋ ሲያልፍ፣ ዋጋው መውረድ አለበት። ካልወረደ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ኮሌጅ ሲገባም እንዲሁ። ከቤት ከ100 ማይል በላይ ርቆ መኪናውን ሳይዝ የሚማር ልጅ ቅናሽ አለው። የኔዋ ብላክስበርግ ኮሌጅ ስትገባ የደወልኩት በሁለተኛው ሴሚስተር ነበር። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ ዋጋ ከፍያለሁ፣ ከቀዩ በኋላ የያዘችው ፎሬስተር በራችን ላይ ቅጠል እየለበሰ።